የዓርብ ወንፈል

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለስመኝ፣ ሻርጃ

እንደምን ሰንብተሻል? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? እኛ ከሰው እስከ ከብት ደኅና ነን፤ ክረምቱ በሰላም ወጣ። ያንቺ አላህ ሩቁን አገር ያቅናልሽ፣ የእኔዋ ማርያምም ከጎንሽ አትለይ። እናትሽን ዘሊካን ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት። ጉልበቷ ተሽሏት ዳገቱን ከእኔ ቀድማ ነው የወጣችው።

ስልክ ላይ አንደበቴ እንደሚታሰር ታውቂያለሽ። ባሌ እንዳልካቸው፣ ነፍሱን ይማርና፣ «አንቺ ወሬ ያለሽ ወረቀት ላይ ብቻ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ፤ ሀሊማ ደግሞ ሱቋ ውስጥ ፎቶ አንስታ ኔትወርክ ሲመጣ ትልክልሻለች፣ ያንቺንም አትማ ታመጣልኛለች። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ የስልክ ካርድ እየሸጠች ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። የሰው ደብዳቤ አላነብም ብላ ምላለች፤ ግን ስትልከው ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከመናኸሪያው በላይ የነበረውን የእህል መጋዘን ንባብ ቤት አድርገነዋል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ደሴ ያሉ የአገር ልጆች ጥቂት ኮምፒውተሮችና ሰርቨር የሚባል ማሽን ላኩልን። ያገለገለ ነው፣ ግን ጤነኛ ነው ይላሉ። የፊዚክስ አስተማሪው መምህር በፍቃዱ እንደሚለው፣ ሰርቨሩ መጻሕፍቱንና የመለማመጃ ፈተናዎቹን በሆዱ ይይዛል፤ ኮምፒውተሮቹ ከእሱ ይቀዳሉ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፤ የእኛ ልጆች ግን ማውሱን ሲይዙ ጫጩት እንዳይጨፈልቁ የፈሩ ይመስላሉ። አንድ ልጅ እንኳ እያወቀ በማሽኑ ምክንያት ፈተናው እንዲያልፈው አልፈልግም።

ቤቱ የመንግሥት ነው። እስከ ፋሲካ አገልግሎት ካልጀመርን ተመልሶ መጋዘን ይሆናል ተብለናል። ማሽኑ ደግሞ ባዶ ነው፤ ስርዓተ ክወና ይጫንበታል አሉ። የቱ ይጫን በሚለው ኮሚቴው ሦስት ቦታ ተከፍሏል። መምህር በፍቃዱ ነጻ የሚባለውን ሊኑክስ ይላል። ከደሴ የመጣ ሻጭ የሚከፈልበትን ዊንዶውስ ሰርቨር ይላል። ራዲዮና ባትሪ የሚሸጠው መሐሙድ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ያለ ፈቃድ የተቀዳ አለው፤ «በነጻ፣ ለአገሬ ልጆች» ይላል። አንቺ እንዲህ ያሉ ማሽኖች በሚጠበቁበት ክፍል ስለምትሠሪ ስመኝን ጠይቂ ብለው እኔን ላኩኝ። የቱ ነው የሚረክሰው?

አክስትሽ አልታዬ

ማስታወሻ፦ ስመኝ፣ ስሜዬ፣ እኔ ነኝ፣ ሀሊማ። አላነበብኩትም። ግን የመሐሙድን ነገር አትመኚው።


ሻርጃ፣ ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ አልታዬ

ሰላምታዬ ከእግርዎ በታች ይንጠፍ። ጤናዎን አላህ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ ሳነብ ስቄ ስቄ፣ አብሮኝ የሚሠራው ሕንዳዊ «ማን አገባ?» አለኝ። ለሀሊማም ሰላም ይበሉልኝ፤ ላላነበበችው።

ስርዓተ ክወና ማለት የድሮ መኳንንት ቤት እልፍኝ አስከልካይ ማለት ነው። ማን ይግባ፣ ማን ደጅ ይጠብቅ፣ ለማን መጀመሪያ ይቅረብ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ቤቱ አለ፣ እህሉ አለ፣ ግን የሚያስተናግድ የለም።

የቱ ይረክሳል ላሉኝ፣ እኛ ሥራ ቤት ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቅ አለቃችን «የሚገዛበትን ቀን ነው ወይስ አምስተኛውን ዓመት ነው የምትጠይቀው?» ይላል። የመግዣው ዋጋ ዘሩ ብቻ ነው። አረሙም፣ አጨዳውም፣ አይጡም ገና ናቸው። የተበላሸ ቀን ማን ይጠግነዋል? ያ ሰው ቢታመምስ? ልጆች ቢበዙ ምን ይጨምራል? ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ እንቀይር ብትሉ ይለቃችኋል ወይ?

የመሐሙድን ተዉት። የተቀዳ ነገር በውስጡ ማን ምን እንዳስገባበት አይታወቅም። አንድ ቀን መጻሕፍታችሁን ሁሉ ቆልፎ ይቀመጣል።

እኔ ነጻውን እመርጣለሁ። በአሮጌ ማሽን ላይ አይከብድም፣ ለተማሪ ብዛት ዋጋ አይጨምርም። የሚጠግነው ማን ነው ካላችሁ፣ እኔ አለሁ። ዓርብ ዕረፍቴ ነው። ኔትወርክ ካለ ከዚሁ ሆኜ እገባበታለሁ፣ ከሌለ በስልክ እመራችኋለሁ። በየሳምንቱ፣ እስከፈለጋችሁ ድረስ። ጊዜ ሞልቶኛል።

ልጅዎ ስመኝ


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስመኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ የዘገየሁት ኔትወርኩ ጠፍቶ ሀሊማ ወረቀቴን መሳቢያ ውስጥ አስተኝታው ስለነበር ነው።

ደብዳቤሽን ለኮሚቴው አነበብኩት። የእልፍኝ አስከልካዩን ሁሉም ወደዱት። ከዚያ ሊቀመንበራችን ጋሽ ውበቱ፣ የወረዳችን የቦረና ገበሬ ሁሉ ሽማግሌ ሲፈልግ የሚጠራቸው ሰው፣ ከዘራቸውን አስደግፈው ጀመሩ።

«ነጻ የምትሉት ደቦ ነው። ደቦ ደግሞ ነጻ አይደለም። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሚስቱ ሦስት ቀን አትተኛም። ሲመሽ ቢያስበው በደመወዝ የቀጠረው ይሻለው ነበር።»

መሐሙድ ብድግ አለ። «እንግዲያው የእኔን ጫኑ! ጠላም የለው፣ ደመወዝም የለው።»

«ያንተ የተሰረቀ በሬ ነው» አለው መምህር በፍቃዱ። «ባለቤቱ በመጣ ቁጥር ጓሮ ስንደብቀው እንኑር?»

«ባለቤቱ አሜሪካ ነው ጃል! በምን መኪና ይመጣል? የአቀስታን መንገድ ሲያይ ይመለሳል።»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳይበርድ ሌላ ነገር መጣ። መምህር በፍቃዱ ማሽኑ በየጊዜው መታደስ እንዳለበት፣ ሲታደስም ጠፍቶ እንደሚነሳ ተናገረ። ጋሽ ውበቱ ጆሯቸውን አቀኑ።

«በበዓል ቀንም?»

«ማሽን በዓል አያውቅም፣ ጋሼ።»

«እኛ እናውቃለን። እንግዲያው ንገረኝ፣ ይህ እድሳት ማረስ ነው ወይስ ማለብ?»

በበዓል ላም ይታለባል፣ መሬት ግን አይታረስም፤ ጥያቄው የቀልድ አልነበረም። ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ማንበብ ማለብ ነው፣ እድሳት ግን ማረስ ነው ተብሎ ተወሰነ። ከእድሳት ቀን እሑድ ወጣ፣ ሚካኤል ወጣ፣ ማርያም ወጣች። ሀሊማ «የዓርብ ጁምዓስ?» ብላ ተነሳች። መሐሙድ «አንቺ ዓርብ ሱቅሽን ዘግተሽ ታውቂያለሽ?» ቢላት «ሱቅ ማለብ ነው» አለችው።

አሁን የእኔን ሐሳብ ልንገርሽ። የሚከፈልበት ይሻላል። ሻጩ፣ ማሽኑ ሲበላሽ ሰው እልካለሁ ብሏል። ለክፍያው ደሴ ላሉት የአገር ልጆች ጽፈን እንለምናለን። አንቺ የዋጋውን ነገር ብቻ አጣሪልኝ። ዓርብሽን ግን አንፈልግም። ዓርብ ተኚበት፣ ባሕር ዳርቻ ሂጂበት፣ ከጓደኞችሽ ጋር ዋዪበት። የዚያ የነጻው ማሽን ወጪ አንቺ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ያንን ወጪ አልከፍልም። ይህን ለኮሚቴው አልነገርኩም፤ ድምፄን ብቻ ነው የሰጠሁት።

ጤና ይስጥልኝ።

አልታዬ

ማስታወሻ፦ ስሜ፣ አክስትሽ በስብሰባ ላይ እጇን ስታወጣ ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ሁሉም ዞሮ አያት። ምን አድርገሻት ነው? ሀሊማ።


ሻርጃ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አልታዬ

ገናውን በደስታ እንዳሳለፉ ተስፋ አለኝ፤ ጥምቀቱም የሰላም ይሁን።

ዋጋውን አጣርቻለሁ። ሻጩ የነገራችሁ ለማሽኑ የሚከፈለውን ፈቃድ ብቻ ነው። የሚከፈልበት ስርዓት መጥፎ አይደለም፤ እኛም እዚህ እንጠቀምበታለን፣ ደኅና አድርጎ ይሠራል። ግን ለማሽኑ ከተከፈለ በኋላ ለሚገለገልበት ሰው ወይም ለሚገናኘው ኮምፒውተር ሌላ የመግቢያ ፈቃድ አለ። በር ላይ ከፍሎ የገባ እንግዳ ወንበር ሲስብ ደግሞ ይከፍላል እንደማለት ነው። ለድርጅት ይሆናል። ልጆች በበዙ ቁጥር ደስ ለሚለው ቤት ግን እንዴት ይሆናል? ከጎረቤታችሁ ከወግዲ ተማሪዎች ቢመጡ በር ትዘጉባቸዋላችሁ? አዲሱ ሲወጣ ደግሞ አሮጌው ማሽናችሁ አልችልም ሊል ይችላል፤ ያኔ ማሽንም ትለምናላችሁ። ሻጩ ሰው እልካለሁ ያለው ከደሴ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋስ?

ይህን ሁሉ እርስዎ ከእኔ በላይ ያመዛዝኑታል። አንድ ቁና ገብስ ሲገዙ ከሥሩ እጅዎን ከትተው የሚያዩ ሰው ነዎት። ታዲያ ዓርቤን ለምን ፈሩት? በግልጽ ይንገሩኝ።

ስመኝ


ሻርጃ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

(በሰው እጅ የተላከ)

ለእትዬ አልታዬ ብቻ

ወር ሙሉ ጠበቅኩ፤ መልስ የለም። ሀሊማን ብጠይቃት «ኔትወርክ አለ፣ አክስትሽ ናት የሌለችው» አለችኝ። ስለዚህ ይህን ወደ ወግዲ ለሚመለስ ልጅ አሽጌ ሰጠሁት። ሀሊማ አታየውም።

እትዬ፣ ያን ሰኔ እያሰቡ ነው አይደል?

አቀስታ ስማር እናንተ ቤት ነበርኩ። ጋሽ እንዳልካቸው ታመው ተኝተው ነበር። የበልጉ ገብስ ደርሷል፣ ሰማዩም ጠቁሯል። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ቀን ጠዋት ደጅ ላይ ማጭድ ይዘው ቆመው ነበር። «ሂጂ» አላሉኝም፤ «ቅሪ»ም አላሉኝም። እኔ ደብተሬን አስቀምጬ ሌላውን ማጭድ አነሳሁ። ከሰዓት በኋላ በረዶው ወረደ፤ ገብሱ ግን ገብቶ ነበር። ፈተናው አለፈኝ። በዓመቱ እኔም ወደዚህ መጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለእናቴ አንድ ጆንያ ገብስ እንደሚልኩ አውቃለሁ። እናቴ «አልታዬ ደግ ናት» ትላለች። እኔ ግን ያ ጆንያ ለምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ እዚህ ሆኜ እያሰብኩት አዝን ነበር። ለእኔ ሳይሆን ለእርስዎ።

አልቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ሰው ቤት ሳጥብ በነበርኩባቸው ዓመታት ተቀይሜያለሁ፣ ወላሂ። በኋላ ሌሊት እየተማርኩ እዚህ ሥራ ስገባ ቅያሜው የት እንደሄደ አላየሁትም። ልፈልገው ብዬም አላውቅም።

አሁን ይስሙኝ። ዓርቤን ስሰጥ ደብተሬን እያስቀመጥኩ አይደለም። ጋሽ ውበቱ ደቦ ነጻ አይደለም ያሉት እውነት ነው። እንግዲያው ደቦ አይሁን፣ ወንፈል ይሁን። እኔ ለእናንተ ቀን እሠራለሁ፣ እናንተ ለእኔ ቀን ትመልሳላችሁ። ወንፈል ውስጥ ማንም ማንንም አይጎዳም። ምን እንደምትመልሱልኝ ጊዜው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ደግሞ እኔ ብቻ የማውቀው ማሽን አልተክልላችሁም። ሦስት ሰው አስተምራለሁ፤ እኔ ብታመምም ባገባም ቤቱ እንዳይዘጋ። ከሦስቱ አንዷ እርስዎ ነዎት።

ልጅዎ


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ንባብ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ ነው ያነበብኩት። ስለ ገብሱ የምጽፈው ብዙ ጀምሬ ብዙ ቀድጃለሁ። ስለ ወንፈሉ ግን የምለው አለኝ፤ እሺ።

ኮሚቴውም እሺ ብሏል፤ ሊኑክሱ ተጭኗል። ጋሽ ውበቱ «ወንፈል ከሆነማ ሌላ ነገር ነው» ብለው ከዘራቸውን ከደገፉበት አነሱ። በስልክ እንዳየሽን፣ እኔ፣ መምህር በፍቃዱና ሀሊማ ዓርብ ዓርብ ሥርሽ ተደርድረናል። ሀሊማ መማሯ ጥሩ ሆነ፤ አሁን ደብዳቤያችንን ባታነብም ሌላ የምታነበው አላት።

ዛሬ ግን ጉዳይ አለብኝ። ፋሲካ እየቀረበ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ እያሳፈረን ነው። ጠዋት በደንብ ይነሳል። ልጆቹ ገብተው ጥቂት እንደሠሩ እንደ ደከመ አህያ ይጎተታል፤ ከዚያ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ከትናንት በስቲያ ከመንግሥት ቤቱን ሊያዩ የመጡ ሰዎች ፊት ጠፋ። ሁዳዴውና ረመዳኑ ገጥመው ሁሉም ሆዱ ባዶ ነው፤ ቁጣ ቅርብ ነው። መሐሙድ «ነጻ ነገር ልጓም የለውም ብያችሁ ነበር!» እያለ መንደሩን ዞረ። ሊኑክሱን ነቅለን ሌላ እንጫን የሚል ድምፅ በዝቷል።

ማሽኑን በእንክብካቤ ነው የያዝነው። መጋዘን ነበርና አቧራ አለ፤ ብርዱም ታውቂዋለሽ። እንዳይታመም ብዬ የአቀስታ የበግ ጠጉር ባና አልብሼዋለሁ። በባናው ላይ ደግሞ ጾሙን ሙሉ የሠራሁትን ዳንቴል ደረብኩበት፤ እስከ መሬት ይወርዳል። ጋሽ ውበቱ አይተው «ሙሽራ መሰለች» ብለዋል። ስለዚህ የአያያዝ ጉድለት አይደለም።

በስክሪኑ ላይ የሚከፈተውን የጥቁሩን መስኮት ጽሑፍ ማየት አስተምረሽናል። የአማርኛን ንባብ ራሴ እንደ ለመድኩት ይህንንም አንድ አንድ ፊደል እያልኩ ፈለግኩ። ከመጥፋቱ በፊት አንድ መስመር እየደጋገመ ይጽፋል። ትርጉሙን አላውቅም። ሌላ ወረቀት ላይ ፊደሉን እንዳየሁት ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ምን እያለ ነው?

አልታዬ


ሻርጃ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ! እትዬ!

«ሞቀኝ» እያለ ነው!

አሁኑኑ ባናውን ግፈፉት! ዳንቴሉንም! ማሽኑ በፊቱ ቀዝቃዛ አየር እየሳበ በጀርባው ይተነፍሳል፤ እናንተ አፍንጫውን ይዛችሁት ነው። እዚህ እኮ ማሽኖቹን ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ወጪ ከሰው ደመወዝ ይበልጣል። የቦረና ብርድ ለእሱ ፈውስ ነው። መስኮት ይከፈትለት!

ዊንዶውስም ቢሆን፣ የመሐሙድ የተሰረቀ በሬም ቢሆን ባና ለብሶ ይሞት ነበር። ለሁሉም ሰው ይንገሩልኝ። ለአለቃዬ ነገርኩት፤ የዳንቴሉን ፎቶ ላኪልኝ ብሎ እየለመነኝ ነው።

ያን መስመር ያዩት ሦስታችሁም ናችሁ፤ የጠየቁት ግን እርስዎ ነዎት። ኮራሁ።

ስሜ


መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስመኝ፣ ደስታ መናገር ለማይችልበት አፌ ይቅርታ እየጠየቅኩ

እንደምን ከርመሻል? ዝናቡ ገብቷል፣ ጎርፉ ደጃችን ድረስ ይዘምራል፤ እኛ ደኅና ነን።

ባናውን ገፈን መስኮቱን ከከፈትን ወዲህ ማሽኑ ጠፍቶ አያውቅም። ቤቱን ሊያዩ የመጡት ሰዎች በፋሲካ ዋዜማ ተመልሰው መጡ። ልጆቹ ሞልተው ተፋፍገው ሲሠሩ አዩ። «ይህን ማን ያስተዳድረዋል?» ሲሉ ጋሽ ውበቱ በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። ጓዳ ልገባ ፈለግኩ፤ ጓዳ የለውም መጋዘኑ። ቤቱ ይቀጥላል ተብሎ ተጽፎልናል።

መሐሙድ አሁን ጠበቃችን ሆኗል። ትናንት ከአቀስታ የመጣ ነጋዴን ሱቁ አስቀምጦ «ስማ፣ የመግዣውን ዋጋ አትይ፤ አምስተኛውን ዓመት እይ» ሲል ሰማሁት። የማን ቃል እንደሆነ አልነገረውም። ዳንቴሌን ግን ለራዲዮ መሸፈኛ ወስዶብኛል።

ልጆቹ ተፈተኑ። ውጤቱ ገና ነው፤ አንድም ልጅ ግን ማውስ ፈርቶ አልወጣም። ከፈተናው ሲመለሱ አንዷ «እትዬ፣ እኛ ቤት ካለው ጋር አንድ ነው!» እያለች ከመናኸሪያው ጀምራ ጮኸች። በዚያ ቀን ተኝቼም እንኳ ደስ ብሎኛል፤ ማለቴ በሕልሜም።

ወጪውን ደግሞ አሰብኩት። መጠባበቂያ ቅጂ መያዣ ገዝተናል። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ መሐሙድ በዱቤ ሰጥቶናል። መምህር በፍቃዱ ቅዳሜውን ይሰጣል፣ ሀሊማ የሱቋን ከሰዓት ትሰጣለች። ነጻ አይደለም፤ ግን ወጪው ከዓይናችን ፊት ነው፣ ከኪሳችንም አይበልጥም። እድሳቱን ማክሰኞ አድርገነዋል፤ ማክሰኞን ማንም አልከለከለም።

የቀረ አንድ ነገር አለ። ዓርቦችሽን አሳልፈሽልናል። ወንፈል ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ላይ ብቻውን ይቆማል። ንገሪን፤ ምን እንመልስ?

አክስትሽ


ሻርጃ፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ አልታዬ፣ የመካነ ሰላም ንባብ ቤት አስተዳዳሪ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎት! ዘንድሮ ደብዳቤዬን ዘግይቼ የጻፍኩት አፍሬ ነው። አሁንም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ።

እዚህ ሥራ ቤት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ በተማርኩት ኮርስ ነው የገባሁት። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ወሬ እቀይራለሁ። አሁን ኮንትራቴ በሚያዝያ ያልቃል። አላድሰውም። ወደ አገሬ ገብቼ በግል ልፈተን ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ልገባ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ይሳቁብኝ።

አማርኛውና እንግሊዝኛው አያስፈራኝም። ሒሳቡ ግን ከአእምሮዬ ታጥቦ ሄዷል። ማሽን አዛለሁ፣ የትሪጎኖሜትሪ ጥያቄ ሳይ ግን እሸሻለሁ።

ስለዚህ ወንፈሌን ልጠይቅ። የእናንተ ልጆች፣ ዘንድሮ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የገቡት፣ ዓርብ ዓርብ ሒሳብ ያስተምሩኝ። እኔ ለእናንተ የሰጠሁትን ቀን ያህል። በማሽኑም ላይ ስሜን መዝግቡኝ፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ልጅዎ ስመኝ

ይህን ሀሊማ ታንብበው። ደብዳቤ አሽጎ በሰው እጅ መላክ ሰልችቶኛል።


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተማሪ ስመኝ

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ መንገድሽን ያቅናው፣ አላህም ማርያምም ተባብረው ያምጡሽ።

ደብዳቤሽን ሀሊማ እያለቀሰች አምጥታ «አላነበብኩትም» አለችኝ። ከዚያ ለመንደሩ ሁሉ ነገረች። የሚያስተምርሽ ማን ይሁን በሚለው ልጆቹ ተጣሉ። በመጨረሻ ጋሽ ውበቱ ዳኝተው ለየሻለም ሰጧት፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ናት፣ ሒሳብ ላይ አትቻልም፣ ምላሷም እንደዚያው። «ተማሪዬ ዕድሜዋ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ብነግራት «ግድ የለም፣ እንታገሳታለን» አለች።

በማሽኑ ላይ በእጄ መዝግቤሻለሁ። ስምሽን ስጽፍ አንዴ ተሳስቼ ነበር፤ አጥፍቼ ደግሜ ጻፍኩት። ይጠፋል፣ ይደገማል፤ ይህ ማሽን ደግ ነው። የሰደድንልሽን የመለማመጃ ፈተና መልስሽንም አስገብተን አርመነዋል። እኔ፣ ሀሊማና የሻለም ከቦታው አልተነሳንም።

አማርኛ ጥሩ ነው። እንግሊዝኛ በጣም ጥሩ። በሒሳብ ወድቀሻል። የሻለም ወረቀቱን አይታ «ኧረ ከሥሩ ነው የሚጀመረው! እስከ ክረምት ድረስ አያልቅም!» ብላ ራሷን ያዘች።

እኔ ግን ልጄ፣ ደስ አለኝ። ብዙ ዓርብ እንመልስልሻለን ማለት ነው።

አልታዬ